እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚዘጋው የእንጨት ሥራ ቤት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። የጎብኚዎቹ አውቶቡስ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቶታል። በከተማው የቱሪዝም ቢሮ በቅርቡ የተቀጠረችው ወጣት ወደ ፏፏቴው በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ስትወርድ አጎቷን ከሥራ ቤታቸው ደጃፍ አገኘቻቸው። አጎቷ ወንበር ሠሪ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ሚስማር ሳይመቱ፣ እንጨትን ከእንጨት እያጋጠሙ ስለሠሩ ሰፈሩ «ሚስማር ጠሉ» ይላቸዋል። ያን ዕለት ግን ኮት ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ በሩን እየቆለፉ ነበር።

«ደህና አደሩ ጋሼ? ምነው በሥራ ቀን? አመመዎት እንዴ?»

«ምን አመመኝ! እንግዳ ሊመጣ አይደል? ነይ እስቲ ዲግሪ፣ ኮሌታዬን አስተካክይልኝ።»

ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ የሚጠሯት «ዲግሪ» እያሉ ነው። ኮሌታቸውን እያስተካከለች መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘችው። ገመድ ሠሪው ዘግቷል። ብረት ቀጥቃጩ ምድጃውን አጥፍቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሰርግ እንደተጠራ ሰው ቆሟል።

«ሁሉም የዘጋው ለእንግዳ ብሎ ነው?»

«ታዲያስ! እንግዳ በሰጋቱራ ይቀበሉታል? እናትሽ ብትሆን እንግዳ በር ላይ አቁማ ወለል ትጠርጋለች?»

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ እንግዶቹ እዚህ ወርደው የሚያዩት ምንድን ነው? የተዘጋ በርና የተሰለፈ ሰው። ሁለት ፎቶ ያነሱና ተራራው ላይ ወዳለው ሆቴል ይወጣሉ። እዚያ የሚቀመጡበት የፕላስቲክ ወንበር በመርከብ የመጣ ነው፤ ዳቦው እንኳ ከሩቅ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ለእኛ የሚተርፈን የአውቶቡሱ አቧራ ብቻ ነው።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ለዚህም ነው ልገላገል ያሰብኩት» አሉና ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ቦታውን ለአውቶቡስ ማቆሚያ ሊገዛቸው ነው። ቀትር ላይ መጥቶ ያስፈርማቸዋል።

ልጅቷ ክው አለች። ይህ ቤት ከተሸጠ መንገዱ ላይ ያለው ሙያ ሁሉ አንድ በአንድ መከተሉ አይቀርም። ግን ሰባት ዓመት የሰው አገር ዳቦ በልታ የመጣች ልጅ፣ እሷ ሳትወለድ መላጊያ የያዙ ሰው ፊት ቆማ ምን ትበል? የተማረችው ሁሉ ድንገት ቀለለባት። ስለዚህ የተማረችውን ትታ ያየችውን ተናገረች።

«እዚያ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ መጥረጊያ ሲሠሩ ለማየት ከምሳዬ ቆጥቤ ከፍያለሁ።»

አጎቷ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «መጥረጊያ? ለማየት? ይሄንን ለማንም እንዳትነግሪ። ሰዉ ለትምህርት የሄድሽ ነው የሚመስለው።»

«ሃያ ነበርን። ሁላችንም መጥረጊያ ገዝተን ወጣን። የሳቸው መጥረጊያ ደግሞ የእርስዎን የወንበር እግር አያህልም።»

«አያህልም?»

«በፍጹም አያህልም። በሩን ይክፈቱና ሲሠሩ ይዩዎት።»

አጎቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሙገሳው ጣፍጧቸዋል፤ ግን በሙገሳ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«እሺ፣ ከፈትኩት እንበል። ዛሬ አስር ሰው፣ ነገ መቶ ሰው ግር ብሎ ይገባል። ለመቶ ሰው ወንበር ስል ጫካውን ልጨርሰው? አባቴ አንድ ዛፍ ሲቆርጥ ሁለት ሳይተክል አያድርም ነበር። ይሄ ቱሪዝም የምትሉት ነገር አንበጣ እንዳይሆን።»

መጽሐፎቿ ይህንኑ ስጋት በብዙ ገጽ ነበር የጻፉት፤ እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

«አንበጣ የሚሆነው ባለቤት ሲያጣ ነው፣ ጋሼ። ከሸጡት ስንት ሰው እንደሚገባ የሚወስነው ሆቴሉ ነው። ቤቱ የእርስዎ ሆኖ ከቆየ ግን ‹ስምንት ሰው ይበቃል› ካሉ በቃ፣ ስምንት ነው። አውቶቡሱ ዞሮ ይሄዳል። ለቦታው የሚሳሳው ነገም እዚሁ የሚያድር ሰው ነው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ፤ በሩን አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው አስያዟት።

«ለዛሬ ብቻ። ካፈርኩ ግን የመጥረጊያውን ታሪክ ሰርግሽ ላይ ነው የማወራው።»

እንግዶቹ ገቡ። አንዲት ሽበታም ሴት በወንበሩ መጋጠሚያ ላይ ጣቷን አስሄደችና ሚስማሩ የት እንዳለ ጠየቀች። ልጅቷ ተረጎመች።

«ተጣልተናል በያት» አሉና አንዱን እንጨት በሌላው ቀዳዳ ሰክተው በእንጨት መዶሻ ሦስቴ መቱት። «አሁን ነቅንቂው በያት።» ሴትዮዋ በሁለት እጇ ብትታገል አልነቃነቅ አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ገመድ ሠሪው ሳቁን ሰምቶ በሩን ከፈተ፤ መቀመጫው በእሱ ገመድ ስለሚታሰር እሱም ሲያስር ሊታይ ነው። ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሦስት እንግዶች ወንበሩ ተጨርሶ ሳናይ አንሄድም ብለው ቀሩ። ማደሪያ እዚያው መንገድ ላይ ባለች ዳቦ ጋጋሪ ቤት ተገኘላቸው።

ቀትር ላይ ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶ ይዞ መጣ።

«ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ፣ ቤቱ አይሸጥም» አሉት።

ሰውዬው ብልህ ነው፤ እንግዶቹን አየና ነገሩ ገባው። «እንግዲያው ለበረንዳዬ አርባ ወንበር ይሥሩልኝ። በዚህ ወር ይድረሱልኝ።»

ልጅቷ «እሺ» ልትል አፏን ስትከፍት አጎቷ ቀደሟት።

«በወር አራት።»

«አርባውን ለመጨረስ እኮ አስር ወር ይፈጃል።»

«ላንተ አስር ወር። ለዛፉ ሃያ ዓመት። ዛፍ እንደ እንግዳ በአውቶቡስ አይመጣም። ወንበሬን ከፈለግህ ዳቦህንም ከዚሁ ሰፈር ግዛ፤ እንግዶችህንም ስምንት ስምንት እያደረግህ ላክልኝ።»

ለመምከር የመጣችው እሷ ነበረች፤ የዚያን ቀን ግን ከአንድ የትምህርት ዘመን የበለጠ ተማረች።

ሥራ አስኪያጁ አንገራግሮ አንገራግሮ ተስማማ። በአስር ወር ውስጥ ገመድ ሠሪው ሁለት ሠራተኛ ቀጠረ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ሁለተኛ ምድጃ ሠራች፤ ብረት ቀጥቃጩ ነጭ ሸሚዙን ለሰርግ አስቀመጠው። ጎብኚው በቁጥር አልበዛም፤ ግን አንድ ሰዓት ይቆይ የነበረው ሁለት ሌሊት ያድር ጀመር። ለተቆረጠው ዛፍ ሁሉ ሁለት ሁለት ችግኝ ተተከለ፤ እንግዶቹም ውሃ ያጠጣሉ።

የመጨረሻዎቹን አራት ወንበሮች ያደረሱ ዕለት ሚስማር ጠሉ ሰጋቱራ እንደለበሱ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። አዲስ አስተናጋጅ ቀረብ ብሎ በትሕትና፣ «አባባ፣ ይህ ቦታ ለእንግዶች ነው» አላቸው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉት፣ ወደ ኋላ እየተደገፉ። «የተቀመጥኩትም እንግዶቼን እየጠበቅሁ ነው።»