የትኩሳቱ መስመር

በጣሊያን ጊዜ ልደታ በነበረ አንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩላችሁ። አማርኛ የለመደ ጣሊያናዊ ሐኪም ስለ ተስቦ መጽሐፍ ሊያሳትም መጣ። የአንድ በሽተኛ ትኩሳት ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳየው መስመር ከገጹ ስለሰፋ አለቃችን «ጫፉን ቁረጡት» አለ። የሚታተመውን ሥዕል በእንጨት ላይ የሚቀርጽልን ጋሽ በዛብህ ግን ሚስቱ በዚያው በሽታ ተኝታበት ነበር። ቁልቁል የሚወርደውን ጫፍ በጣቱ ይዞ፣ «ዶቶሬ፣ ሰውየው እዚህ ጋ ሞተ?» አለው።

«የለም፣ ዳነ።»

«እንግዲያው አይቆረጥም!»

ጫፉን ሳያጎድል አሳንሶ፣ የመስመሩን ውፍረት ከፊደሎቼ ጋር አስተካክሎ ቀረጸው። ሲታተም ከጽሑፉ ጋር አብሮ የተወለደ መሰለ። መጽሐፉ ሳይጠረዝ ሚስቱ ከስታ፣ ግን በእግሯ፣ ምሳውን ይዛለት መጣች። ጋሽ በዛብህ ቀለም የነካ እጁን ረስቶ አቀፋት፤ ነጭ ነጠላዋ ላይ ጣቶቹ ታተሙ። እኔ የምስቅ መስሎኝ እንባዬ ቀደመኝ።