አያ ሽባባው የጠጡት ምድር

(ደጀን፤ የቅዳሜ ገበያ ማለዳ፣ የወይዘሮ ዘርፌ ጠጅ ቤት ጓዳ። ዘርፌ ብርሌ ያጥባሉ፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጃቸው ማህደር ባዶ መደርደሪያ ፊት ቆማለች።)

ማህደር፦ እማዬ፣ እዚህ የነበረችው ብርሌ የት ሄደች?

ዘርፌ፦ የቷ? ይሄ ሁሉ ብርሌ አይደለም እንዴ?

ማህደር፦ አፏን በላስቲክ ያሰርኳት። ከታች ማር፣ መሃል ቀይ ውሃ፣ ከላይ ዘይት ያለባት።

ዘርፌ፦ ዘይት ነበር እንዴ እሱ?

ማህደር፦ እማዬ።

ዘርፌ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? ጓዳው ጨለማ ነው፤ ማር ከታች ተኝቶ አየሁ። ሰው ቢያይ «ዘርፌ ሳትበጠብጥ መሸጥ ጀመረች» ሊለኝ ነው። ላስቲኩን ፈታሁ፣ አፏን በአውራ ጣቴ ያዝኩና ነቀነቅኳት።

ማህደር፦ ነቀነቅሻት።

ዘርፌ፦ ደህና አድርጌ።

ማህደር፦ እሺ፣ ከዚያስ? የት አለች?

ዘርፌ፦ አያ ሽባባው ጠጧት።

ማህደር፦ ምድርን ጠጧት?

ዘርፌ፦ ምንን?

ማህደር፦ ምድር ነበረች እኮ። የምድርን ሽፋኖች የሚያሳይ ነገር ሠርተሽ ነይ ተብዬ፣ ለዛሬው የሳይንስ ትርኢት። መምህር ጥላዬ ሦስት ሰዓት ላይ ያልደረሰ አይገባም ብሏል። ለመሆኑ አያ ሽባባው ያን ጠጥተው ዝም አሉ?

ዘርፌ፦ ዝምማ አላሉም። «የዛሬው ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ያንኑ ድገሚልኝ» አሉ።

ማህደር፦ አትሳቂ።

ዘርፌ፦ አልሳቅኩም። ሆዳቸውን እንዳያማቸው እያሰብኩ ነው።

ማህደር፦ ማርና ቀይ ሥር፣ የወጥ ዘይት ነው፤ እሳቸውን አያማቸውም። ያመመኝ እኔን ነው።

ዘርፌ፦ ይቅርብሽ እንግዲያው። ገበያው ሲሞላ ብቻዬን ልቀዳ ነው? ቅዳሜ ከዚህ ቤት ሰው አይወጣም። እኔ አንቺን ልወልድ ምጥ ይዞኝ እንኳ እየቀዳሁ ነበር። ቅዳሜ በሬን ዘግቼ አላውቅም።

ማህደር፦ ልደቴ በመጣ ቁጥር ትነግሪኛለሽ። አሁን አንዲት ስኒ ማር ስጪኝ፣ እንደገና ልሥራት።

ዘርፌ፦ የቀረችው ዛሬ ጠጅ የምጥልባት ናት። አልሰጥም።

ማህደር፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽና ከዚያ እምቢ በይ። ዘይቱን መጀመሪያ ባደርግና ማሩን ከላይ ባፈስበት፣ ማሩ የት ይሆናል?

ዘርፌ፦ ይወርዳላ። ዘይት ማር ሊሸከም ነው?

ማህደር፦ ለምን አይሸከምም?

ዘርፌ፦ ማር ከባድ ነዋ።

ማህደር፦ አንድ ማንኪያ ማር ከጀሪካን ዘይት ይከብዳል?

ዘርፌ፦ እሱማ ጀሪካኑ ይከብዳል። ማሩ ግን ያው ይወርዳል። ቆይ፣ እንዴት ነው ነገሩ?

ማህደር፦ እኩል ሰፍረሽ ነው የምታወዳድሪው። ስኒ ማር ከስኒ ውሃ ይከብዳል፣ ስኒ ውሃ ደግሞ ከስኒ ዘይት። እፍጋት ይባላል። ምድርም ገና ስትሠራ ቀልጣ ነበር። ከባዱ ብረት ወደ መሃል ሰመጠ፣ ቀለል ያለው ድንጋይ ወደ ላይ ወጣ። ማሩ እምብርቷ ነው፣ ውሃው ማንትል የሚሉት መካከለኛው ሽፋን፣ ዘይቱ ቅርፊቷ።

ዘርፌ፦ እኛስ የቱ ጋ ነን?

ማህደር፦ ዘይቱ ላይ።

ዘርፌ፦ ለዚህ ነዋ ሰው ሁሉ የሚንሸራተተው። ፈጣሪ ማሩን ከሥር ደብቆብናል በይኛ።

ማህደር፦ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ዘርፌ፦ ይሄን ያህል ዘመን ግን ማንም አልበጠበጣትም?

ማህደር፦ አንቺ እጅ ሳትገባ ቀርታ።

ዘርፌ፦ ምላስሽን ሰብስቢ። ለመሆኑ ከመደርደሪያው ሁሉ የእኔ ብርሌዎች መሃል ለምን አስቀመጥሻት? እዚያ የማስቀምጠውን እንደምቀዳ አታውቂም?

ማህደር፦ ጠዋት መጀመሪያ የምታዪው እሱን ስለሆነ ነው። አይተሽ «ይሄ ምንድን ነው?» እንድትዪኝ ነበር የፈለግኩት። ስትጠይቂኝ ልነግርሽ ሳምንቱን ሙሉ ስለማመድ ነበር።

ዘርፌ፦ ለእኔ ነበር?

ማህደር፦ ተይው በቃ።

ዘርፌ፦ ያን የማር ቅል አቀብዪኝ።

ማህደር፦ እውነትሽን ነው?

ዘርፌ፦ አቀብዪኝ አልኩ። አንቺ አትንኪው፣ ታፈሺዋለሽ።

ማህደር፦ ማሩን ወደ መሃሏ... እንደሱ። ውሃውን በጎኗ ቀስ አድርገሽ፣ እንዳይደባለቅ።

ዘርፌ፦ መቅዳት ልታስተምሪኝ ነው? ዘይቱን አምጪ።

ማህደር፦ እሱንም በጎኗ።

ዘርፌ፦ እዪው፣ ውሃው ላይ ተንጋለለ። ድንበር አበጅቶ ቁጭ አለ እኮ። ታምራለች፣ ማሂ።

ማህደር፦ እማዬ፣ አውራ ጣትሽን ከአፏ ላይ አንሺ።

ዘርፌ፦ ሳላስበው ነው። ማር ተኝቶ ሳይ እጄን ይበላኛል።

ማህደር፦ አሁን የቸገረኝ መንገዱ ነው። በባጃጅ ብሄድ ኮብልስቶኑ ይንጣታል። በእግሬ ብሄድ ሰዓት ስለሌለኝ መሮጤ ነው።

ዘርፌ፦ አንቺማ ባለፈው ከጓዳ እስከ ሳሎን አንድ ብርሌ ስትወስጂ ግማሹን መሬት አጠጣሽው።

ማህደር፦ አውቃለሁ። በጥድፊያ ሰው መሃል ብርሌ ይዞ ጠብታ የማያፈስ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። እሷ ደግሞ ቅዳሜ አትወጣም።

ዘርፌ፦ ከውጭ ማን አለ?

ማህደር፦ አያ ሽባባው ብቻ። «ያ የሚያለሰልሰው አልደረሰም ወይ?» እያሉ ነው።

ዘርፌ፦ አልቋል በያቸውና በክብር አስወጪያቸው። ከዚያ ነጠላዬን አምጪልኝ፣ በሩንም ቆልፊው። ምድርን እኔ እይዛታለሁ።