የ2009 ክረምት

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ የኮምፒውተር መጠገኛ፤ ጡረተኛዋ የጂኦግራፊ መምህርት ወይዘሮ አንጓች የሟች ባላቸውን የአቶ ልየውን ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ከቀድሞ ተማሪያቸው፣ ከጠጋኙ ከስማቸው ጋር ይከራከራሉ።

አንጓች፦ እንደ ሁልጊዜው ተነሣሁ ነው የምልህ። ደጄን ጠረግሁ፤ ዶሮዎቹን ለቀቅሁ፤ ሻይ ጠጣሁ። በሦስት ሰዓት ጓሮ ወርጄ የዝናብ መለኪያውን አየሁ፤ አራት ሚሊ ነበር። ቁጥሩን ልጽፍ ገብቼ ይህን ጉድ አበራሁት። ጠዋቴ የተበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስማቸው፦ ገባኝ ቲቸር። እኔም የምለው እኮ እሱኑ ነው። አርጅቷል። ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው።

አንጓች፦ አይሆንም።

ስማቸው፦ እስከ ከሰዓት ያልቃል።

አንጓች፦ እስከ ከሰዓት ቢያልቅም አይሆንም። የአሥራ ስድስት ዓመት ዝናብ አለበት። ልየው ለሜትዎሮሎጂ ቢሮ እየለካ በየቀኑ የጻፈው ነው። አንዲት መስመር ብትጎድል አንተን አያድርገኝ።

ስማቸው፦ እሺ፣ እሺ። ታዲያ ምን ላድርግልዎ?

አንጓች፦ መጠየቁን እንዲተው አድርግልኝ። ሌላ አልፈልግም። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር እንደማያውቀኝ ሰው ከአንድ ይጀምራል። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ዓመተ ምሕረቱስ? ሰዓቱስ? የምጽፍበት ቋንቋ ምንድን ነው? ጣቢያው ዳንግላ ነው? እርግጠኛ ነሽ? ዛሬ ቆጠርኩለት፤ ዘጠኝ ጥያቄ። ትናንት የመለስኩለትን ዛሬ መልሶ ይጠይቀኛል። ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ተማሪ አልገጠመኝም።

ስማቸው፦ እኔም እያለሁ?

አንጓች፦ አንተ ዓባይን ኬንያ ውስጥ ያስገባኸው አንድ ጊዜ ነው። ይኼ በየቀኑ ነው የሚያስገባው።

ስማቸው፦ ያንን ካርታ እስከ ዛሬ አልረሱትም?

አንጓች፦ እንዴት ይረሳል! በል ክፈተው።

ስማቸው፦ እየከፈትኩ ነው። ኧረ አቧራው! ... ይኸውልዎ ቲቸር፣ ይህችን ክብ ነገር ያዩዋታል? እንደ ሰዓት ባትሪ ያለችውን?

አንጓች፦ አየኋት።

ስማቸው፦ መብራት ሲጠፋ ቀኑን የምትይዝለት እሷ ናት። ሞታለች። እሷ ስትሞት ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይረሳል። ጥያቄው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አንጓች፦ ይህችው ናት? ሰባት ወር ሙሉ ደሜን ያፈላችው?

ስማቸው፦ ሰባት ወር አይደለም። ዝገቷን ይዩት። ከሞተች ዓመታት አልፏታል። ጋሽ ልየው በሕይወት እያሉም ይጠይቃቸው ነበር።

አንጓች፦ አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

ስማቸው፦ ይጠይቃቸው ነበር ስልዎ። ምን ያደርጉ ነበር ሲያበሩት?

አንጓች፦ ... ያጉረመርም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከዚያች ክፍል ድምፁ ይሰማኛል። «አዎ። ዳንግላ ነው። አዎ፣ እኔ ነኝ።» ስልክ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ስማቸው፦ ታዲያ ለምን አምጥተው አላሠሩትም?

አንጓች፦ ልየው ነዋ! ጫማው ቢጠበው እግሩ እስኪለምደው ይጠብቃል እንጂ ጠበበኝ አይልም። አሁን በል ቀይራት።

ስማቸው፦ ቀየርኳት። ቀኑን እኔው ልሙላለት ... ግንቦት 12፣ በእነሱ ሜይ 20 ... ሆነ። አሁን አጠፋዋለሁ። ገመዱንም እነቅለዋለሁ። ይቁጠሩ እስኪ።

አንጓች፦ ምን ልቁጠር?

ስማቸው፦ ጥያቄውን ነዋ። ይኸው አበራሁት። ... ስንት ሆነ?

አንጓች፦ አልጠየቀም።

ስማቸው፦ አይጠይቅም ከእንግዲህ!

አንጓች፦ ዝም ብሎ ተነሣ?

ስማቸው፦ ዝም ብሎ። ምነው፣ ቅር አለዎ እንዴ?

አንጓች፦ አትቀልድ። የልየውን መዝገብ ክፈትልኝና አሳየኝ። ሳላየው አልሄድም።

ስማቸው፦ ይኸው። መዝገቡን የሠራላቸው ልጅ ጎበዝ ነበር። ቀኑ፣ ሚሊው ... ይህ ከጎኑ ያለው ሰፊ ቦታ ምንድን ነው?

አንጓች፦ የማስታወሻ ነው። የሰማዩን ሁኔታ እንዲጽፉበት ነው የተሰጠው። ልየው ግን የመጣለትን ሁሉ ይጽፍበታል። እኔም የማላውቀውን። ከሞተ ወዲህ ነው ያየሁት።

ስማቸው፦ ሁሉንም አነበቡት?

አንጓች፦ ማታ ማታ አንድ ገጽ ነው የማነበው። ከ2001 ጀምሬ 2007 ላይ ደርሻለሁ። አሁን የምጠብቀው የ2009ን ክረምት ነው። ያን ክረምት ባሕር ዳር ለሁለተኛ ዲግሪዬ ስማር ነበር፤ እሱ ብቻውን ከረመ።

ስማቸው፦ ታዲያ ለምን ዘለው አያነቡትም?

አንጓች፦ መዝለል አልወድም። በተራው ሲደርስ አነበዋለሁ። ምነው ፊትህ ተለወጠ?

ስማቸው፦ ቲቸር፣ እርስዎ በየቀኑ ነው የሚጽፉት አይደል?

አንጓች፦ ከሰልስቱ ዕለት ጀምሮ አንድ ቀን አላጓደልኩም። ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ እኔ ጓሮ ወርጃለሁ። ለምን ጠየቅኸኝ?

ስማቸው፦ እዚህ ላይ ባዶ ነው። ጋሽ ልየው ጥቅምት 1 ቀን የጻፉት አለ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ምንም የለም።

አንጓች፦ ምን ማለትህ ነው?

ስማቸው፦ ሰባቱም ወር ባዶ ነው።

አንጓች፦ ስማቸው! አጠፋኸው? አትንካብኝ አላልኩህም?

ስማቸው፦ አልነካሁም ቲቸር፣ ባትሪ ነው የቀየርኩት። ቆይ፣ ረጋ ይበሉ። ዛሬ ጠዋት ቀኑን ሲጠይቅዎ ምን ብለው ሞሉለት?

አንጓች፦ ያው ዛሬን ነዋ። አሥራ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት።

ስማቸው፦ ግንቦት ዘጠነኛ ወር ስለሆነ?

አንጓች፦ ስንተኛ ሊሆን ኖሯል?

ስማቸው፦ ያን ጊዜ በጥቅምት ደውለውልኝ አልነበር? ቀኑን አልቀበልም አለኝ ብለው?

አንጓች፦ ጥቅምት 29ን አልቀበልም አለኝ። 30ንም እንደዚሁ። ደወልኩልህ፤ «ሁለት ቀን ይተዉት፣ ይስተካከላል» አልከኝ። እውነትም ኅዳር 1 ቀን ተቀበለኝ።

ስማቸው፦ ወይ እኔ! ቲቸር፣ እሱ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ነው። ሁለተኛ ወር ሲሉት የካቲታቸው መሰለው። የእነሱ የካቲት ሃያ ስምንት ቀን ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ከየት ያምጣ? ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። እንዴት አልጠየቅሁም!

አንጓች፦ ... ልየው በእነሱ ነበር የሚሞላው?

ስማቸው፦ በእነሱ ነው። ቆይ፣ ከጠረጠርኩት ቦታ ካለ ... አለ! አገኘሁት! ይመልከቱ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ውስጥ። ዛሬ የጻፉት አራት ሚሊ ይኸውና። ትናንትም አለ። ሁሉም አለ። አንድም አልጠፋ!

አንጓች፦ ተመስገን። ነፍሴን አውጥተሃት ነበር እኮ።

ስማቸው፦ እኔንስ! ወደ ቦታው አዛውረዋለሁ፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

አንጓች፦ ስማቸው።

ስማቸው፦ አቤት።

አንጓች፦ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት በእነሱ፣ በእኛ ስንት ነው?

ስማቸው፦ እ ... ሰባት ወይ ስምንት ሲቀነስ ...

አንጓች፦ አብዛኛው 2009 ነው። የእኔ ዝናብ ያለበት ቦታ ላይ ቀድሞ ምን ነበረበት?

ስማቸው፦ ቆይ ቲቸር፣ አንድ ነገር ላጣራ።

አንጓች፦ ጠየቅሁህ እኮ።

ስማቸው፦ ሲጽፉ የመጨረሻው ጥያቄ ምን ይል ነበር? ዘጠነኛው?

አንጓች፦ «ለዚህ ቀን የተመዘገበ አለ፤ በአዲሱ ይተካ?» ይላል። የቀኑን ነገር የሚያስተካክል መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ደውዬ አነበብኩልህ።

ስማቸው፦ እኔ ምን አልኩዎ?

አንጓች፦ «የሚጠይቅዎን ሁሉ አዎ ብለው ይለፉት» አልከኝ።

ስማቸው፦ ሥራ ላይ ነበርኩ። በደንብ አልሰማሁዎትም። ቲቸር፣ እኔ ...

አንጓች፦ ተው። የተጫነው የእኔ ጣት ነው። በየቀኑ አዎ አልኩት። ቶሎ ዝም እንዲልልኝ። ሌላ ቦታ ቅጂ አይኖረውም?

ስማቸው፦ እየፈለግሁ ነው። ... የለም። ፍላሽ ላይ አላስቀመጡትም?

አንጓች፦ ፍላሽ ይጠፋል ይል ነበር። ይህ ግን ከጠረጴዛዬ አይነሣም ይል ነበር።

ስማቸው፦ ዝናቡ እንኳ በወረቀት ለሜትዎሮሎጂ ቢሮ ይላክ የለ? ቁጥሩን ከዚያ እናገኘዋለን። እኔ ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ።

አንጓች፦ ቁጥሩማ አለ። ወረቀቱ ላይ ግን ማስታወሻ አይጻፍም።

ስማቸው፦ ቆይ ቲቸር፣ የተረፈ አለ! ማርች 31 አልተነካም። የጋሽ ልየው ነው። ሜይ 31ም አለ። የእርስዎ ወር ሠላሳ ላይ ስለሚያልቅ ሠላሳ አንደኛዋን ቀን አልደረሱባትም። አራት ቀን ተርፏል!

አንጓች፦ አንብበው። መነጽሬን አልያዝኩም።

ስማቸው፦ መነጽርዎ ዓይንዎ ላይ ነው።

አንጓች፦ አንብበው አልኩህ።

ስማቸው፦ እሺ። ማርች 31 ...

አንጓች፦ መጋቢት 22።

ስማቸው፦ «ዝናብ የለም። ጎረቤታችን አጥሩን ሲያድስ ግማሽ ክንድ ገባብን። አንጓች ብታይ ቀበሌ ድረስ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ማሽላ ዘራሁበት።»

አንጓች፦ ማሽላ! «አጥሩ ዳር ለምን?» ስለው «አፈሩ ደስ ይላል» አለኝ እኮ።

ስማቸው፦ ሜይ 31፤ «ስምንት ሚሊ። አንጓች የትምህርቷን ሻንጣ ገዛች። በየሰዓቱ ትከፍተዋለች፤ ትዘጋዋለች። ሳያት እንደማላያት ሆኜ ጋዜጣ ይዣለሁ።» ... ልቀጥል?

አንጓች፦ ቀጥል።

ስማቸው፦ ጁላይ 31።

አንጓች፦ ሐምሌ 24። ባሕር ዳር ነኝ።

ስማቸው፦ «ሃያ ሁለት ሚሊ። አንጓች ደወለች። ባሕር ዳር የሥራ ቦታ ሊሰጧት ነው። ትመጣለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ላስብበት አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መለኪያው አጠገብ ቆሜ አሰብኩ፤ አስቤም ጨርሻለሁ። መብራቱ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ነገ እጽፈዋለሁ።» ቲቸር፣ ውሃ ላምጣልዎ?

አንጓች፦ አልፈልግም። የቀረችውን የነሐሴዋን ተዋት፤ በተራዋ አነባታለሁ።

ስማቸው፦ እና ምን አሉዎት? ስለዚሁ ጉዳይ?

አንጓች፦ ምንም። ስመለስ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። እዚችው መናኸሪያ። የሚናገረው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። «ኅዳር ድረስ ይዘንባል ዘንድሮ» አለኝ። እኔም አይመጣም፣ መለኪያውን ትቶ የትም አይሄድም አልኩና ሥራውን አልፈልግም ብዬ ጻፍኩላቸው። ደግሜ አልጠየቅሁትም።

ስማቸው፦ ሰባት ዓመት ሙሉ?

አንጓች፦ እሱን በየጠዋቱ የሚጠይቀው ይኼ ጉድ ነበረው። እኔ አንድ ጊዜ ከጠየቅሁ አልደግምም።

ስማቸው፦ ምናልባት እኮ እሺ ሊሉዎ ነበር። ወይ ደግሞ ...

አንጓች፦ ምናልባት አትበለኝ። ማግስቱን ክፈተው።

ስማቸው፦ ቲቸር፣ ማግስቱ እኮ ኦገስት 1 ነው። ስምንተኛ ወር።

አንጓች፦ ሚያዝያ 1 የጻፍኩበት። አውቀዋለሁ። ክፈተውና አንብበው።

ስማቸው፦ «ዜሮ ሚሊ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።»

አንጓች፦ የእኔ ነው።

ስማቸው፦ አዎ።

አንጓች፦ ዝናቡን ከቢሮ ታመጣልኛለህ። የልየው መልስ ግን የለም።