የእልፍነሽ የማለዳ ጉዞ

በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን፣ መርሳ መናኸሪያ የወልድያ መኪና ስጠብቅ የጎረቤታችን የአብዱልሐሊም ልጅ ሳሚራ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ወልድያ የስፖርት ሳይንስ ታስተምራለች፤ ያደገችው ግን ከእኛ ደጅ ነው። ሰላምታውን ጨርሳ ወዴት እንደምሄድ ስትጠይቀኝ መዋሸት አልቻልኩም። ልጄን እልፍነሽን የሚያክማት ሐኪም ዘንድ ሄጄ፣ የማለዳ የእግር ጉዞዋን ይከልክልልኝ ብዬ ልለምነው እንደሆነ ነገርኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ጦርነቱ ሲደርስብን ሰው ሁሉ በእግሩ ሲወጣ፣ እልፍነሽን ከባድ ሰውነቷ አላስኬድ አላት። ዳገቱ መሐል ተቀምጣ ልጆቼን ይዘሽ ሂጂ አለችኝ። ልጆቹን ከዘመድ ጋር ሰድጄ እኔ ከእሷ ጋር ቀረሁ። አራት ወር ሙሉ ይኑሩ ይሙቱ ሳናውቅ ከረምን። አገር ሲረጋጋ ልጆቹ በሰላም ተመለሱ፤ እሷ ግን ስኳር ተገኘባት። ከዚያ ወዲህ ነው በየማለዳው ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት መሄድ የጀመረችው።

እኔ ደግሞ ፍርሃቴ ብዙ ነው። ወታደር የጫነ መኪና ይበራል። ልቧ መንገድ ላይ ቀጥ ቢልስ? እንዳትደክም ብዬ ስትመለስ ገንፎ በቅቤ አድርጌ እጠብቃታለሁ፤ ካልበላች አኮርፋለሁ።

«ሦስት ወር ሙሉ ሄደች፤» አልኳት ሳሚራን። «ሚዛን ላይ ወጣች፣ አንድ ኪሎ እንኳ አልጎደለም። ታዲያ ድካሙ ለምንድን ነው?»

«ስኳሯስ፣ እማማ?»

«እሱማ ወርዷል፣ ግን የመድኃኒቱ ሥራ ነው፤» አልኳት።

«መድኃኒቱም ረድቷል፣ ማቋረጥ የለባትም፤ ጉዞውም ረድቷል፤» አለች። «ሚዛኑን የያዘው ግን፣ ወላሂ፣ ያ የእርስዎ ገንፎ ነው።»

አጠገባችን የነበሩት ሁለት ሴቶች ሳቁ። እኔም ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት።

«ጎተራ ያውቃሉ፤» ስትል ቀጠለች። «ዓመት ሙሉ ያልተነካ እህል ምን ይሆናል?»

«ይነቅዛላ።»

«እየወጣ የሚፈጨው፣ በምትኩም አዲስ የሚገባበትስ?»

«እሱማ ምን ይሆናል።»

«ጡንቻም እንደዚያው ነው። ስብ የሚቀመጠው ከቆዳ ሥርና ከሆድ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻ ውስጥም ይገባል። ሰው ተቀምጦ ሲውል ያ ስብ ሥራ ፈትቶ፣ ስኳር ከደም ወደ ጡንቻ እንዳይገባ እንቅፋት ይሆናል። በየቀኑ ስትሄድ ግን ጡንቻዋ ስቡን እንደ ማገዶ ማንደድ ይለምዳል፤ የቀረውንም በትንሽ በትንሹ ከሚነድበት አጠገብ ያስቀምጠዋል። የሯጭ ጡንቻም ስብ አለበት እኮ። ልዩነቱ ገብቶ መውጣቱ ነው። ይህን ሚዛን አያሳይም።»

ያኔ የሆዴን አወጣሁት። በእኛ አገር «ምነው ከሳሽ?» የሚባለው ሐዘን ለደረሰባት ሴት ነው። የሰባ ሰባትን ረሃብ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሰው ጉንጭ ሲጎድል ማየት ያስፈራኛል። ይህን ስነግራት ሳሚራ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ያን ጊዜ እህል ጠፍቶ ነው፣ እማማ። እልፍነሽ እየተራበች አይደለም። እየጠነከረች ነው። ዘንድሮስ ውጡ ብንባል ማን ይሸከማታል?»

ይህ ቃል ከንግግሯ ሁሉ በለጠብኝ። ቀጥላም ብቻዋን እንዳትሄድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ መንገድ እንዳትጀምር፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ካዞራት ወዲያው ቆማ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ መከረችኝ። ወዲያው ሚኒባሱ መጣ። ሰው ተጋፍቶ ገባ። ሳሚራ ቦታ ይዛ ጠራችኝ፤ እኔ አልገባሁም።

ቤት ስደርስ እልፍነሽ ልብስ ታሰጣለች። የት ልሄድ እንደነበር ቀድሞ ገብቷት ኖሯል።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«አልሄድኩም። ነገ ብቻሽን አትውጪ፣ ጎረቤቶቻችንን እነ ይርጋለምን አስከትይ። ገንፎውም ቀርቷል።»

የያዘችውን ልብስ ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ፣ ነገ አብረው እንዲሄዱ ልትነግራቸው ወጣች።

እናቶች ሆይ፣ እኔ የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። ጉዞው ኪሎ ባይቀንስም ስኳርን ያወርዳል፣ ትንፋሽን ያረዝማል፣ እንቅልፍን ያስተካክላል። ልጄ ዛሬ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ቆማ አታርፍም። ፍቅራችሁን በሳህን ብቻ አትለኩት።

እኔን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። እስክትመለስ ደጅ ቆሜ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ቅሪ ግን አልላትም።