በረዶው ለሰኞ ተዛወረ

«እንዴት አደርሽ፣ ኡም ጃሲር? ጉልበትሽ ተሻለሽ? የእኔማ ዛሬ ደህና ነው። ድሮ ብርድ ሊመጣ ሲል ከራዲዮው ቀድሞ የሚነግረኝ እሱ ነበር... ሰሞኑን ግን ዝም ብሏል።»

ኡም ሱሃይብ ይህን ያለችው ሐሙስ ጠዋት፣ አማን ውስጥ፣ የሠፈሩ ዳቦ ቤት በር ላይ ተሰልፋ ነው። ከኋላዋ ጎረቤቷ ኡም ጃሲር ቆማለች። ከፊቷ ደግሞ ከእሷ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ዶክተር ሙንዚር ነበሩ፤ በከተማዋ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የፈተና ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ለረቡዕ ንጋት ከባድ በረዶ ይጠበቃል የሚለውን ትንበያ ሰምተው የረቡዕን ፈተናዎች በሙሉ ወደ ሰኞ አዛውረዋል። ረቡዕ ፀሐይ ወጣ። ሙቀቱ አሥራ አራት ዲግሪ ነበር። ዛሬ ጠዋት ራዲዮው በረዶው ሰኞ እንደሚደርስ ተናገረ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዳቦ ሊያከማች የወጣው ሰው ሰልፍ ረዝሞ መንገዱን ተሻገረ።

ዶክተሩ ሰላም ሊሏት ዘወር ማለት ሲጀምሩ ድምፅዋ ቀደማቸው። ተመልሰው ከፊታቸው የቆመውን ሰውዬ ጃኬት ማየት ያዙ።

«ትናንት ምን ስሠራ እንደዋልኩ ታውቂያለሽ? ልብስ ሳጥብ። ብርድ ልብሱን፣ መጋረጃውን፣ የልጄን የሱሃይብን የሱፍ ካልሲ ሳይቀር ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። ቀትር ላይ አንድ እርጥብ ነገር አልቀረኝም። እንዲህ ያለ የበረዶ ቀን አይተሽ ታውቂያለሽ? አንገቴን ፀሐይ ለበለበኝ እኮ! ለነገሩ እኛ ምን እናውቃለን... ሰማይ የምናየው ቀና ብለን ነው። የተማረ ሰው ስልኩ ላይ ያየዋል።»

ኡም ጃሲር በዓይኗ ወደ ፊት ጠቆመች።

«ምነው? እኔ ስለ ሰማይ ነው የማወራው። ግን አንድ ትልቅ ሰው አሉ ሲሉ ሰማሁ፣ እዚሁ ከተማችን። እንዴት ያለ ርኅሩኅ ልብ መሰለሽ! ያን ሁሉ ተማሪ በረዶው አንሸራትቶት እንዳይጥለው ብለው በአንድ ፊርማ ቤቱ አስቀሩት። እናት እንኳ እንደዚህ ታስባለች? እኔ ልጄን ያሳደግኳት ‹ጃንጥላሽን ያዢ› እያልኩ ነው። ‹ኑሮሽን ለሰኞ አቆዪው› ማለት አልመጣልኝም... ከየት ይምጣልኝ?

«ልጄ ሩባ? ደህና ናት። አራት ዓመት ነርስነት ተምራ አንድ ፈተና ቀራት። የረቡዕ ነበር። እሑድ ጠዋት ወደ ኩዌት ትበራለች፤ ሆስፒታሉ ሰኞ ሥራ ካልጀመርሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏታል። እነሱ አገር በረዶ አይጠበቅም፣ ምን ያድርጉ? ‹ከመሄዴ በፊት፣ ሐሙስ ዕለት ብቻዬን ፈትኑኝ› ብላ ማክሰኞውኑ አመለከተች። ኮሚቴው ረቡዕ ተሰብስቦ ያየዋል አሏት። ረቡዕ ብትሄድ ኮሚቴው በበረዶው ምክንያት አልተሰበሰበም። ይህን የነገራት ዘበኛው ነው... ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እየሞቀ።»

ዶክተር ሙንዚር ማመልከቻውን አስታወሱት። ጠረጴዛቸው ላይ፣ ሰማያዊ ዶሴ ውስጥ ነው። አስቸኳይ ጉዳይ ሲሆን ኮሚቴው ባይሰበሰብም ሰብሳቢው ብቻቸውን መፈረም ይችላሉ። ዛሬ ካልፈረሙ ዓርብና ቅዳሜ ቢሮው ዝግ ነው። ከሰልፉ ወጥተው ለመሄድ አሰቡ፤ ግን ስማቸው አልተነሣም። መሄድ ጥፋትን ማመን ይሆናል። ደግሞም ከፊታቸው የቀሩት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

«አንቺ ስንት ኪሎ ልትገዢ ነው? ለእኔ አንድ ኪሎ ይበቃኛል። ጠንቃቃ ሰው ግን አለ። ዛሬ ስወጣ የሕንፃችን አጥር ላይ የደረቀ ዳቦ በፌስታል ተንጠልጥሎ አየሁ፤ ያው ዳቦ አይጣልም፣ በግ አርቢዎቹ እንዲወስዱት ነው። አንድ ፌስታል መስሎኝ ነበር... አምስት! የማክሰኞ ዳቦ፣ እጅ ያልነካው። ከስንተኛ ፎቅ እንደወረደ አልጠየቅኩም፤ የሰው ምጽዋት ይጠየቃል እንዴ? እንዲህ ያለ ቸር ባይኖር የዚህ አገር በግ ምን ይበላ ነበር? ይኸኔ ዛሬም ተሰልፎ ይሆናል እኮ... ለበጎቹ ብሎ።»

ከሰልፉ መሃል አንድ ሰው ሳቀ። ዳቦ ሻጩ ሚዛኑ ላይ አጎነበሰ። ዶክተሩ በብብታቸው የያዙትን ባዶ ጆንያ አጥፈው ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት።

«ደሞ በረዶው ለሰኞ ሆነ አሉ፤ ሰማሽ? እንዴት ያለ ጨዋ በረዶ ነው! ፈተናው ወደ ሰኞ ሲዛወር እሱም ተከትሎ ተዛወረ። ሰኞ ሲደርስ ደግሞ ለሐሙስ ይባላል፤ በረዶውም እሺ ይላል፤ የትልቅ ሰው ትእዛዝ አይደል? አልታዘዝ ያለችው የእኔ ልጅ ብቻ ናት... ሻንጣዋን ዘግታ ተቀምጣለች።»

ዶክተር ሙንዚር ስልካቸውን አወጡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ለጸሐፊያቸው በዝግታ ተናገሩ፤ ሰማያዊው ዶሴ እንዲወጣ፣ ለነርስነት ተማሪዋ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ክፍልና አንድ ፈታኝ እንዲዘጋጅ አዘዙ። መጥተው እንደሚፈርሙም ጨመሩ። ጸሐፊዋ አንድ ነገር ሳትጠይቃቸው አልቀረችም፤ «በረዶ ቢዘንብም ባይዘንብም» አሏት። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ሲቀራቸው ተራቸውን ትተው፣ ዳቦ ሳይገዙ መንገዱን ተሻገሩ።

ከኋላቸው ሆና ሁሉን የሰማችው ኡም ሱሃይብ ለልጇ ደወለችና «ጫማሽን አድርጊ፤ ስምንት ሰዓት» ብላ ዘጋች። ከዚያ ወደ ኡም ጃሲር ዞረች። እየራቁ የሚሄዱት ዶክተር እንዲሰሟት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አየሽ፣ የኔ እህት፣ ደግ ሰው ዛሬም አልጠፋም። አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው! መልአከ ሞት በሚመጣባቸው ቀን ሁሉ ከባድ በረዶ ይጠበቅ። ታጥበው፣ ለብሰው፣ ልጆቻቸውን ተሰናብተው ሲጨርሱ ‹ለሰኞ ተዛውሯል› ይባሉ። ሰኞም እንደ ልጆቻችን ተዘጋጅተው ሲጠብቁ፣ በራቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎ ያግኙ... ‹ቀኑ ወደፊት ይገለጻል›። አሚን በይ እንጂ!»