ለቁም ሰው የደረሰ እድር

ጸደንያ ከሞጣ በሚኒባስ መጥታ ቢቸና ገና ከመውረዷ ማንን ብታይ ጥሩ ነው? አክስቷን ይርጋነሽን! ኧረ ግን እንዴት ከስታለች! ሳሙናና ዘይት በፌስታል አንጠልጥላ በገበያው መሀል ትሮጣለች።

«አክስቴ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ውይ ጸዲዬ! ነይ፣ እየሄድን እናውራ። እናቴን ቆልፌባት ነው የወጣሁ።»

ጸደንያ ክው አለች። አያቷ እማማ ወለተ ገብርኤል አእምሯቸው ከደከመ ወዲህ ከቤት ወጥተው እንደሚጠፉ ታውቃለች። መቆለፉን ግን ማን ነገራት?

«ጎረቤት አታስቀምጪም?»

«‹እናቷ ሰለቸቻት› ሊሉኝ? የዚህ ሰፈር ሰው ወሬ ሳያኝክ ነው የሚውጥ! አንቺማ ምን አለብሽ፤ አባትሽም ‹እማማ እንዴት ናት› ይለኛል በስልክ። በስልክ ሰው አይታጠብም!»

እውነቷን ነው። ጸደንያ አፈረች፤ ዝም ግን አላለችም። ዝም ማለት መቼ ታውቅና!

«እኛ ሰፈር እኮ እድሩ ተራ አውጥቷል። የደከመ ሽማግሌ ያለበት ቤት ከሰዓት ከሰዓት አንድ ሰው ይሄዳል፤ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይባል፣ ጎረቤቶቻችን እነ ሀሲና ሳይቀሩ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ደግሞ አልጋ ላይ የዋሉት ገላቸው እንዳይቆስል እንዴት እንደሚገላበጡ አሳየቻቸው።»

«እድር የተቋቋመው ለሞት ነው፣ ልጄ። እኔ ከሰው ለቅሶ ቀርቼ አላውቅም። እናቴ ያለፈች ቀን ድንኳኑ ይተከላል፤ አገር ያለቅሳል።»

«ያን ጊዜ እማማ አይሰሙም! ሬሳ የሚሸከም ትከሻ በቁማቸው ደግፎ ፀሐይ ቢያሞቃቸው ምን ይጎዳል?»

«ነውር ነው አልኩሽ!»

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ደጃፉ ላይ ደረሱ። ከውስጥ ለቅሶ ይሰማል። እማማ ከተዘጋው በር ስር ተቀምጠው፣ ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ ያወርዳሉ፦

«ቀብሬሽ መጣሁ ወይ፣ አንቺ ቀባሪዬ፤
አንድ ሰው አልመጣ፣ ምነው ለለቅሶዬ።»

ቤቱ ጭር ቢልባቸው፣ ልጄ ሞታለች ብለው ነው! ይርጋነሽ በሩን ከፍታ እግራቸው ላይ ተደፋች።

«አለሁ እማዬ! አለሁልሽ!»

እማማ ፀጉሯን ዳበሱት፤ አላወቋትም።

«እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ እመቤት። ለለቅሶዬ የደረስሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ይርጋነሽ እንባዋን እንኳ አልጠረገችም። «ጸዲ፣ የእድሩን ዳኛ አቶ ስጦታውን ጥሪልኝ» አለች።

አቶ ስጦታው መጥተው፣ እድሩ እማማን በተራ የሚጠብቅ ሰው እንዲመድብላት ብትጠይቃቸው «ደንባችን ላይ እኮ የለም፣ ወይዘሮ ይርጋነሽ» ብለው አንገራገሩ።

«ደንቡን ያወጣነው እኛ አይደለን? ነገ ሁላችሁም ታረጃላችሁ!»

ዳኛው እሺ አሉ፤ የእሳቸውም እናት አልጋ ላይ ናቸው ለካ!

አሁን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ አመተ ሥላሴ ወይም ሌላ የእድሩ አባል ትመጣለች። እማማ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ይርጋነሽ ትተኛለች፣ ወገቧን ትታከማለች፣ ቅዳሴ ትደርሳለች። አስታማሚ ካላረፈ እኮ ታማሚም አያርፍም! ከእድሩም አንድም ሰው ‹ሰለቸቻት› አላለም፤ እንዲያውም በየጓዳው ሽማግሌ የደበቀ ሁሉ ‹እኛም ቤት ኑልን› ማለት ጀመረ።

እማማ ዛሬም ልጃቸውን አያውቋትም፤ ይህ አይመለስም። ይርጋነሽ ግን ጎኗን አሳርፋ ስትነሳ፣ ሳትቆጣ ታጎርሳቸዋለች።