የጀማል ፈረስ የሚቆምበት በር

እኔ አፌ እንደማያርፍ ሮቤ ከተማ ሙሉ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ የጀማልን መሞት የነገሩኝም ወደው አይደለም። ጀማል ባድመ ሲዘምት ጋሪውንና ዳማ ፈረሱን የተወው ለእኔ ነበር፤ ፈረሱ ደግሞ በየጠዋቱ የጀማል ቤት በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ተሳፋሪ ቢጮህ፣ እኔ ብገርፈው፣ የጀማል እናት አዴ ሙሚና ወጥተው እፍኝ ገብስ ካላቀመሱት ንቅንቅ የለም። በዚያው «ከልጄ ወሬ አለ? ነጋ ነው፣ ሰላም ነው?» ይሉኛል።

«ዘመድ ከዲንሾ እስኪሰበሰብ እንዳትተነፍስ! መርዶው አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው» ብለው ሽማግሌዎቹ አስማሉኝ። የአዴ ሙሚናን ፊት እያየሁ መዋሸት ስለማልችል ዘዴ ፈጠርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ በሌላ መንገድ ዞርኩ። ፈረሱ አንገቱን እየጠመዘዘ ቢያስቸግረኝም፣ ከአፌ አንዲት ቃል አልወጣችም። ምስጢር ጠባቂ ማለት እንዲህ ነው እያልኩ በራሴ ኮራሁ።

አርብ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተደብቄ ገባሁ። አዴ ሙሚና ምንጣፍ አንጥፈው፣ ወገባቸውን አስረው ተቀምጠዋል። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አዴ ሙሚና ቀደሟቸው።

«አትድከሙ። ፈረሱ የቀረ ዕለት ለልጄ ኢንና ሊላሂ ብያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። ስቅስቅ ብዬ ያለቀስኩት እኔ፣ «አይዞህ ልጄ» ያሉኝ እሳቸው! ከዚያ ተነስተው ከጓዳ ገብስ በሰፌድ ይዘው መጡ።

«በል ፈረሱን አምጣው። የሦስት ቀኑን አስቀምጬለታለሁ።»